ብረት የሌለው ጠመንጃ እና የሻምበል ደምሴ ልጅ

እኔ ከዚያ ቅዳሜ በፊት ጠመንጃ የያዝኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ፎቶ ቤት ውስጥ ነው፤ ጠመንጃውም የእንጨት ነበር። ፎቶው ሲወጣ አፈሙዙን ወደ ራሴ አዙሬ መያዜ ታወቀ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ "ጉረኛ" እንዳትሉኝ ነው። ጉረኛው ጋሽ ወርቁ ናቸው።

ጋሽ ወርቁ ኦክላንድ ውስጥ አንድ ክፍል ያከራዩኝ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ አፋቸው ከታክሲያቸው የሚፈጥን ሰው ናቸው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነን፤ ሰው ሁሉ ወገቡ ላይ ፔጀር አንጠልጥሎ የሕዝብ ስልክ ፍለጋ የሚሮጥበት ጊዜ ነው። እኔ ኤመሪቪል ያለ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሣ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ሂሩት ደግሞ ሳን ሆዜ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ትሠራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ፔጅ ስንደራረግ ከርመን "እንጋባ" ተባባልን። እሷ ግን አንድ ቃል ነበራት። "አባዬ ሳይመርቀኝ አላገባም። ኖ ዌይ። ሽማግሌ ላክ።"

ሽማግሌ ላክሁ። ጋሽ ወርቁ ከሌሎች ሁለት ትልልቅ ሰዎች ጋር ሱፋቸውን ለብሰው፣ ኤይት ኤይቲ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘው ወደ ሳን ሆዜ ወረዱ።

የሂሩት አባት ሻምበል ደምሴ ይባላሉ። በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የተኩስ አሠልጣኝ ነበሩ። አሜሪካ ከመጡ ወዲህ አንድ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃ ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከሳን ሆዜ ወጣ ብሎ ያለ ሬንጅ፣ ማለትም የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ሄደው ዒላማ ይተኩሳሉ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የተበሳሳ ወረቀት በፍሬም ተሰቅሏል። ሌላው ሰው የልጁን ዲፕሎማ የሚሰቅልበት ቦታ ማለት ነው።

ሽማግሌ ሲላክ ልጁን ከፍ አድርጎ ማቅረብ ያለ ነው። ማንም በዚህ አይጣላም። መጋዘን የሚሠራው "የንብረት ኃላፊ"፣ አጭሩ "መካከለኛ"፣ ራሰ በራው "የበሰለ" ይባላል። ጋሽ ወርቁ ግን በዚህ አልቆሙም። ሻምበል ዝም ብለው ሲያዳምጧቸው ጊዜ ደነገጡ፤ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ተንከራተተ፤ የተበሳሳውን ወረቀት አገኘ።

"ደግሞ ተኳሽ ነው!" አሉ።

"ማን?" አሉ ሻምበል።

"ልጃችን ነዋ! ዒላማ አይስትም። ምነው ሻምበል፣ አልሰሙም እንዴ?"

ሻምበል ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበራቸው ቀና አሉ። "በስኮፕ ነው በብረት?"

ጋሽ ወርቁ ጥያቄው ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ግን ዕድሜ ልካቸውን ያልገባቸውን ነገር ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። "በሁለቱም!" አሉ።

"እንግዲያውስ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ሬንጅ ይምጣ። ልየው። መልሴን እዚያው እሰጣችኋለሁ።"

ይህን ማታ ስሰማ፣ "ጋሽ ወርቁ፣ ምን አደረግኩዎት?" አልኩ። እሳቸው ግን ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው ተዝናንተው፣ "አይዞህ፣ ሁለት ሳምንት እኮ ብዙ ነው" አሉኝ።

በማግስቱ መጋዘን ውስጥ ዳሪልን አማከርኩት። ዳሪል የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ የጠመንጃ መጽሔት እያነበበ ሳንድዊቹ የሚደርቅበት ሰው። ነገሬን ሰምቶ ለረጅም ጊዜ ሳቀ፤ ከዚያ አዘነልኝ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ላበድርህ አለኝ። ራሱ እየጎረሰ አንድ በአንድ የሚተኩስ፣ ከባድ በርሜል ያለው፣ ለዒላማ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ላዩ ላይ የክንዴን ያህል ስኮፕ ተጭኖበታል።

"ብረቱስ የታለ?" ብዬ ጠየቅሁት፤ ሻምበል የጠየቁትን ቃል ይዤ።

እዚህ ላይ እንደኔ ላልገባው ላስረዳ። ብረት የሚሉት አፈሙዙ ጫፍ ላይ የምትቆም ቀጭን ብረትና ወደ ዓይን ጠጋ ብሎ ያለ ቀዳዳ ያለው ሌላ ብረት ነው። በቀዳዳው አሾልከህ ቀጭኗን ብረት ዒላማው ላይ ታቆምና ትተኩሳለህ። ስኮፕ ደግሞ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ነው። አንዳንዱ ሰው ስኮፑ ቢበላሽስ ብሎ ብረቱን ለመጠባበቂያ ያስቀምጣል። ዳሪል ግን ፈትቶ ጥሎታል።

"ይሄ ጠመንጃ ጦር ሜዳ አይሄድም" አለኝ። "አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ነው የሚበሳው። ስኮፑ ቢበላሽ ዕቃህን ሰብስበህ ቤትህ ትገባለህ። ብረት ምን ያደርግለታል?"

እውነት ለመናገር አሳመነኝ። አንድ ነገር ካሳመነኝ ደግሞ ሁለት ዓመት ያጠናሁት ይመስለኛል። ይሄ ጠባዬ ብዙ አስከፍሎኛል።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ሻምበል ራሳቸው ደወሉልኝ። እኔም ብድግ ብዬ ቆምኩ፤ በስልክ።

"ልጅ፣ ጠመንጃህ መጠባበቂያ ብረት አለው?"

ምናለ "ይቅርታ ሻምበል፣ አላውቅም" ብል? አላልኩም።

"የለውም ሻምበል። ትክክለኛ የዒላማ ጠመንጃ ብረት አያስፈልገውም። የብረት ጊዜ እኮ አልፏል።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"አልፏል?" አሉ ሻምበል። "እኔ ስንት ዓመት ወታደር ያሠለጠንኩበት አልፏል? ጥሩ። ቅዳሜ እኔ በብረት፣ አንተ በመነጽርህ። አምስት አምስት ጥይት። በብረት ካሸነፍኩህ ሽማግሌዎችህን ይዘህ ወደ ኦክላንድህ ትመለሳለህ፤ ዳግመኛም አትልክብኝም።"

ስልኩን ዘጉት። ወዲያው ሂሩት ደወለች። "ምንድን ነው ያልከው? አባዬ ሳሎኑን እየዞረው ነው! አር ዩ ክሬዚ?"

ዳሪል በቀረው ጊዜ በባዶው ጠመንጃ አሠለጠነኝ። ጣቴን ከምላጩ ማራቅ፣ አፈሙዙን ወደ ሰው አለማዞር፣ ትንፋሽ መያዝ፣ ምላጩን ቀስ ብሎ መጭመቅ። ቅዳሜ ሥራ ስላለበት አብሮኝ መሄድ አይችልም፤ በምትኩ ጠመንጃው የሚያርፍበት ሁለት የአሸዋ ከረጢት ሰጠኝ። ሲሰናበተኝም ስኮፑ ላይ ያሉትን ትንንሽ ክዳኖች አሳይቶ፣ "እነዚህን እንዳትነካ" አለኝ።

እኔ ደግሞ አትንካ ከተባልኩ እጄን ይበላኛል። አርብ ከሥራ ስመለስ አንደኛውን ክዳን "ውስጡ ምን ይሆን?" ብዬ ፈታሁት። ከእጄ አምልጦ ሶፋ ሥር ገባ። ሶፋው እንደሆነ የገባበትን አይመልስም።

ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኑን ከፍቼ ጠመንጃውን ለመጨረሻ ጊዜ ስመለከት የጋሽ ወርቁ ባለቤት እትዬ አስካለ ከኋላዬ መጡ። በለስላሳ ጠርሙስ ጠበል ይዘዋል።

"ይሄ ትልቅ ዓይን ያለው ነገር አላማረኝም" አሉና፣ "ዞር በልማ" ከማለታቸው "በስመ አብ" ብለው ለቀቁበት። እርጭት አይደለም ያልኳችሁ፣ አጠባ ነው። ስኮፑን ከላይ እስከ ታች አጠቡት፤ ክዳን ባጣው ቀዳዳ ላይ ደግሞ በተለይ ደገሙት። "እዚህ ጋ ክፍት ነው፣ ይግባለት" አሉ። እኔም አሜን አልኩ! ክዳኑን ጥዬ፣ ውሃ ሲገባ ቆሜ እያየሁ አሜን ያልኩ ብቸኛ ተኳሽ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ እትዬ አስካለና እኔ በአንዲት አሮጌ ቶዮታ ታጭቀን ወረድን። ሬንጁ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ጂንስና ቲሸርት ለብሷል፤ የኛ ሽማግሌዎች ሱፍ፣ ከረባትና ከዘራ። ቀይ ኮፍያ ያደረገው የሬንጁ ተቆጣጣሪ ቀረብ ብሎ፣ "ሠርግ አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀን። ጋሽ ወርቁ በእንግሊዝኛ፣ "ሜይቢ!" አሉት።

ሻምበል ቀድመው ደርሰዋል። ሂሩት ናት የነዳችላቸው። ሸሚዛቸው በካውያ ተተኩሶ ይቆርጣል፤ ጫማቸው ያብረቀርቃል። ቀጭን ጥይት የሚጎርስ ቀላል ጠመንጃቸውን ሕፃን እንደሚያስተኙ አድርገው አግዳሚው ላይ አስቀምጠውታል። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል የኔን ጠመንጃ በዓይናቸው ለኩት።

"ይሄ መነጽር ቢበላሽብህስ?"

"አይበላሽም ሻምበል።"

"እግዜር ይሁንህ" አሉ።

ሁላችንም የጆሮ መከለያ አደረግን። እትዬ አስካለ ነጠላቸው ላይ ደርበው ሲያደርጉት የአውሮፕላን አብራሪ መሰሉ። ፈቃዱ ተሰጠ። ሻምበል ትከሻቸውን አላሉና አምስቱን ጥይት ጧ፣ ጧ፣ ጧ አድርገው ለቀቁት። አቀማመጣቸው፣ አተነፋፈሳቸው፣ ሁሉ ነገራቸው ሲያምር! ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ አደነቁ።

ተራዬ ደረሰ። ጠመንጃውን አሸዋው ላይ አስደግፌ ዓይኔን ወደ ስኮፑ አስጠጋሁ።

ደመና።

ዓይኔን ጠረግሁ። ደመናው አለ። መስተዋቱን በሸሚዜ ጠረግሁ። ደመናው ከውስጥ ነው! ፀሐዩ ሲያሞቀው የእትዬ አስካለ ጠበል ተነሥቶ ስኮፑን ሞልቶታል። ያኔ ነው ብረት ምን እንደሚያደርግ የገባኝ። ብረት ቢኖር ኖሮ ስኮፑን አንሥቼ፣ እንደ ሰው አሾልኬ፣ ቢያንስ የትኛው ወረቀት የኔ እንደሆነ አይ ነበር። ሻምበል ልክ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ "ልክ ነበሩ" ለማለት ጊዜው አልፎብኛል። ከኋላዬ ሂሩት አለች። ቀና ብዬ "አይታየኝም" ብል ሁለቱ ዓመት እዚያው አግዳሚ ላይ አለቀ።

ደመናው ውስጥ ፈልጌ ፈልጌ አንድ ጥቁር ነገር አገኘሁ። ደብዘዝ ያለ፣ ክብ ያለ። "ይኸው ዒላማዬ!" አልኩ። ስኮፑ ውስጥ ያለውን የማነጣጠሪያ መስቀል መሃሉ ላይ አሳረፍኩ። ትንፋሼን ያዝኩ፤ ጨመቅሁ።

እግዚኦ! ሰማይ የወደቀብኝ መሰለኝ። ትከሻዬ ሄዶ ተመለሰ። የሚገርመው ግን፣ አሸዋው ላይ ያለው ጠመንጃ ወደ ቦታው ሲመለስ ያቺው ጥቁር ነገር መስቀሉ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን ዳሪል እንዳለኝ ቀስ እያልኩ ጨመቅሁ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

ተኩስ ቆመ፤ ጠመንጃ ሁሉ ባዶ መሆኑ ታየ፤ ተቆጣጣሪው ወረቀታችንን እንድናመጣ ፈቀደ። ሽማግሌ፣ ተኳሽ፣ ሙሽሪት፣ ሁላችንም ተያይዘን መቶ ሜትር ያህል ሄድን።

ወረቀቴ ጋ ደረስኩ። ወረቀቴ ከሱቅ እንደወጣ ነው። አንድ ቀዳዳ የለውም። ዞሬ ከኋላው አየሁት፤ ከኋላውም የለውም። ጋሽ ወርቁ ጆሮዬ ሥር፣ "አምስቱም በአንድ ቀዳዳ ገብተው ይሆን?" አሉኝ። "ጋሽ ወርቁ፣ አንድም ቀዳዳ የለም!" አልኳቸው። ሂሩት ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

በዚህ መሃል ከጎናችን ሻምበል፣ "ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

የሻምበል ወረቀት ላይ አሥር ቀዳዳ አለ። የተኮሱት አምስት ነው። አምስቱ መሃል ጥቁሩ ላይ ተጠጋግተዋል፤ በመዳፍ ይሸፈናሉ። የቀሩት አምስቱ ግን አንዱ ከላይ፣ አንዱ ጥግ፣ አንዱ ቁጥሩ የተጻፈበት ላይ፣ ሁለቱ ከታች ተበታትነዋል። እኔ ደመና ውስጥ ያገኘሁት ጥቁር ነገር የሰው ዒላማ ነበር።

እንግዲህ ሦስት ሽማግሌ ባለበት ነገር ሳይሸመገል አያልፍም። ወረቀቱን ነቅለው ይዘው ተመለሱና አግዳሚ ላይ ዘርግተው ከበው ቆሙ። የትኞቹ የማን ናቸው? አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ለሰላም ሲባል እኩል ይካፈሉ። ለሻምበል ሦስት ከመሃል ሁለት ከዳር፣ ለልጁ ሁለት ከመሃል ሦስት ከዳር" አሉ። ሁለተኛው፣ "ለሻምበል አራት ከመሃል ይሁን፣ ትልቅ ሰው ናቸው" አሉ። ጋሽ ወርቁ ደግሞ ስለኔ ቆመው፣ "ልጁም እኮ ሦስት አያንሰውም!" ብለው ይከራከራሉ። መሬት የሚያካፍሉ ነው የሚመስለው።

ተቆጣጣሪው ነገሩ ሲረዝምበት መጣ። ወረቀቱን አየ፤ ሁለቱን ጠመንጃ አየ፤ ምንም ሳይናገር የሻምበልን አንዲት ቀጭን ጥይት አንሥቶ መሃል ካሉት ቀዳዳዎች በአንዱ አስገባት። ሾልካ አግዳሚው ላይ ወደቀች። ዳር ካሉት በአንዱ ሞከራት። ልክክ ብላ ያዘች።

ሽማግሌዎቹ ምንም አልገባቸውም። እኔ ግን ገባኝ። የኔ ጠመንጃ ጥይት ወፍራም ነው። መሃል ያሉት የኔ ናቸው! ልቤ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ የሻምበልን ፊት አየሁ፤ ልቤ ተመልሶ ተቀመጠ። ፊታቸው ገርጥቷል። ሻምበል ተኩስ አልጠፋቸውም፤ የጠፋባቸው ያቺ ጫፍ ላይ ያለች ቀጭን ብረት ናት። ዓይናቸው ደክሟል። ይህን ደግሞ ሰው ፊት፣ ለልጃቸው ሽማግሌ ሆነው በመጡ ሰዎች ፊት እንዲታይ አይፈልጉም።

"መሃል ያሉት የሻምበል ናቸው" አልኩ ጮክ ብዬ። "የተበታተኑት የኔ ናቸው። ይቅርታ፣ ወረቀትዎን አበላሸሁብዎት።"

ሂሩት ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

ሻምበል ግን አግዳሚውን በቡጢ መቱት። "አንተ! ስንት ሺህ ቀዳዳ ቆጥሬ የኖርኩ ሰው ትልቁን ከትንሹ አልለይም? አዝነህልኝ ነው? እኔ ለሚዋሸኝ ሰው ልጅ የለኝም!"

አለቀ ብዬ ነበር። ካለቀ አይቀር ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

"እንግዲያውስ እውነቱን ልንገርዎ ሻምበል። እኔ ተኳሽ አይደለሁም። በሕይወቴ ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም። ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ጠመንጃውን ያበደረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስልክ ላይ ያልኩዎትም የሱ ቃል ነው። ስኮፑ ውስጥ ጠበል ገብቶ ደመና ብቻ ነበር የሚታየኝ። ስለ ብረቱ ልክ ነበሩ፤ ብረት ቢኖረኝ የርስዎን ወረቀት አልመታም ነበር። የምፈልገው ተኳሽ መባል አይደለም፤ ሂሩትን ነው።"

ጋሽ ወርቁ በኃይል አሳላቸው፤ ፊታቸውን ከዒላማው ጀርባ ወዳለው ተራራ አዞሩ።

ሻምበል አተኩረው አዩኝ። "መቼም ተኩሰህ አታውቅም?"

"መቼም።"

"እነዚህ አምስቱ የመጀመሪያህ ናቸው?"

"አዎ።"

"ያውም ሳታይ?"

"ያውም ሳላይ።"

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ሳቁ ወጣ። ጥርሳቸው እስኪታይ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይዘው ያንን ተቆጣጣሪ በክንዱ ጎተቱት።

"ሉክ! ፈርስት ታይም! ሂ ሲ ናቲንግ! ማይ ሰን ኢን ሎው! ፈርስት ታይም!"

ሰን ኢን ሎው! የልጄ ባል ማለታቸው ነው! ከኔም፣ ከሽማግሌዎቹም በፊት መልሱን የሰማው ያ ቀይ ኮፍያ ነው። ሂሩት "ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ!" ብላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እትዬ አስካለ የጆሮ መከለያቸውን ሳያወልቁ እልል አሉ፤ ራሳቸው ስላልተሰማቸው ደጋግመው አሉት። ጂንስ የለበሰው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበልኝ። በሕይወቴ አንድ ሰው እንኳን አጨብጭቦልኝ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሬንጅ ሙሉ ሰው! ደረቴን ነፋሁ። የሰው ወረቀት ላይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጀግና እኔ ነኝ፤ ምን ታመጣላችሁ?

ጋሽ ወርቁ ወዲያው ነፍስ ዘሩ። "እኔስ ምን ብዬ ነበር? ዒላማ አይስትም አላልኩም?" አሉ።

"የራሱን ስቷል እንጂ" አሉ ሻምበል። "ለዚያ ጠመንጃ ብረት ግዙለት። ዒላማ መምታቱን መቶታል፤ የማንን እንደሚመታ ግን ማወቅ አለበት።" ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሂሩት፣ ሰኞ ደውለሽ ቀጠሮ አስይዢ።"

"ለአዳራሹ ነው አባዬ?"

"አዳራሹ ይደርሳል። መጀመሪያ ዓይን ሐኪም ጋ ያዢልኝ" አሉ። "አንቺን ስድር አጥርቼ ማየት እፈልጋለሁ።"